በጣና ዳር ያለው ጥበብ ለሠሪው እንዴት እንጀራ ይሁነው?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንኖር ጥቂት ወጣቶች፣ የሐይቁን ዳር የደንገል (ታንኳና ቅርጫት የሚሠራበት ሸምበቆ መሰል የውኃ ዳር ተክል) ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና አዝማሪዎች የሚያሰባስብ ማኅበር ለመመሥረት አስበናል። ከዚህ ቀደም ያየናቸው መሰል ስብስቦች በበዓል ቀን ትርኢት አሳይተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው የተበተኑ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ለሠሪው ቤተሰብ የሚዘልቅ ገቢ ነው። ወደ ዘጌ የሚሻገረው ጎብኚ እንደ ቀድሞው በማይበዛበት በዚህ ጊዜ ከየት ብንጀምር ይሻላል?

የዘጌው፦ ከደንገሉ ጀምሩ። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚተካ፣ ሠሪው ዘወትር አዲስ ደንገል ይፈልጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ) ቢመዘገብም ዳርቻው ለእርሻ እየተመነጠረ ነው፤ እንቦጩም ተጨምሮበታል። ደንገሉ ካለቀ ሙያውም አብሮ ስለሚያልቅ፣ ማኅበሩ የሚያጭደውን ያህል የሚተክልበትና የሚጠብቅበት ቦታ ከቀበሌው ጋር ይስማማ። ሌላው ነገር፣ ይህን ሙያ በዋናነት ይዘው የቆዩት በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው፤ ጥበባቸው እየተፈለገ እነርሱ ግን ሲናቁ ኖረዋል። በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን ድርሻ ባላቸው አባልነት ካልገቡ፣ የእናንተ ማኅበር ከደላላው በምን ይለያል?

ፎገሬ፦ በፎገራ ያለውን አውራምባን ሄዳችሁ እዩ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ የእርሻ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ሽመናንና ወፍጮን መተዳደሪያው አድርጓል፤ ከሥራው ከሚገኘውም ለአረጋውያንና ለታመሙ ድጋፍ ይውላል። ጎብኚ ቢመጣ መልካም ነው፤ ጋቢውንና ነጠላውን ግን ያገሬው ሰውም ይለብሰዋል። እናንተም ከመታሰቢያ ዕቃ ይልቅ ምንጣፍ፣ ቅርጫትና የመጋረጃ ጨርቅ ለከተማው ሆቴሎች ብታቀርቡ ይሻላል።

ባለ ማሲንቆ፦ ስለ አዝማሪው ማንም አላነሣም። የእርሱ ገቢ በአብዛኛው ታዳሚው የሚሸልመው ገንዘብ ነው፤ ግጥሙና ዜማው ግን በስልክ ተቀርጾ በየበይነ መረቡ ሲዞር ምንም አያገኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለትም ለሚዘፍኑና ለሚጫወቱ፣ መብት ሰጥቷል፤ ስለዚህ ድምፅና ምስል ከሚቀርጹና ከምሽት ቤቶች ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን። እውነቱን ለመናገር፣ አዝማሪን ከቅርጫት ሠሪ ጋር በአንድ ሒሳብ ማስተዳደር አይታየኝም፤ የገቢያቸው ጠባይ የተለያየ ነው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአዝማሪዎቹ የተለየ ሒሳብ እንይዛለን። የቀረን ጥያቄ፣ ሆቴሎቹ ዕቃውን ተረክበው ክፍያውን ቢያዘገዩ ሠሪው እስከዚያ በምን ይኖራል የሚለው ነው።

ፎገሬ፦ ትእዛዝ ስትቀበሉ ቢያንስ የክሩንና የጉልበቱን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ ተቀበሉ። ቀብድ የማይሰጥ ደንበኛ ሲመጣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዕቃ ብቻ፣ እጅ በእጅ ሽጡለት።