የአሻንጉሊቱ ወታደር ሰይፍ ጎብጧል፣ ጥሩሩም ይጣበቃል፤ መላ በሉኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ከጎንደር ነው የምጽፈው። እዚህ እንደኔ የሚሰበስብ ሰው ስላላገኘሁ ነው እናንተን የማስቸግራችሁ።

የምሰበስበው ሰዓሊው ራልፍ ማኳሪ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ስታር ዋርስ ለተባለው የህዋ ፊልም በሳላቸው የመነሻ ንድፎች የተሠሩትን ትንንሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ነው። ፊልሙ በ1977 ሲወጣ ብዙው ነገር ተቀይሯል፤ ለምሳሌ ነጭ ለባሹ ወታደር ፊልሙ ላይ ጠመንጃ ነው የሚይዘው፣ ንድፉ ላይ ግን የብርሃን ሰይፍና ጋሻ አለው። እኔ ንድፉን እመርጣለሁ። የአሻንጉሊት አምራቹ ሃስብሮ በ2007 እነዚህን አውጥቶ ነበር፤ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ወታደሩን የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ያገለገለ ነው። ሰይፉ ሻንጣ ውስጥ ተጫጭኖት እንደ ማጭድ ጎብጧል። ነጩ ጥሩር ደግሞ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ትከሻው አካባቢ አቧራ ይዞ ግራጫ ሆኗል። ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ኬሚካል በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ሲወጣ እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤያለሁ።

አሁን ጥያቄዬ፦ የጎበጠውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አቃንቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውስጥ መክተት ነው ይላሉ። ቀለሙ ሙቀቱን ይችላል? ሰይፉን ከእጁ ላውጣው ወይስ እንዳለ? ጣቶቹ በጣም ቀጫጭን ናቸው፣ እንዳይቀነጠሱ እፈራለሁ። ለጥሩሩስ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል? አንድ ጓደኛዬ በአሴቶን ጥረገው አለኝ፤ አይሆንም አልኩት፣ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም ይበላዋል።

የሞከራችሁት ካላችሁ ውሃው ምን ያህል መሞቅ እንዳለበትና ስንት ሰከንድ እንዳቆያችሁት ጻፉልኝ። እስከዚያ አልነካውም።