በፈቃድ ለተያዘ ሽጉጥ ምን ዓይነት ቀበቶ ላሠራ?

የአራዳ ነጋዴ

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምሠራው ፒያሳ ሲሆን፣ ከሥራዬ ጠባይ የተነሣ ለግል ደኅንነቴ በፈቃድ የያዝሁት ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። የምታጠቀው በተራ የሱፍ ሱሪ ቀበቶ በመሆኑ ቀበቶው ወደ ቀኝ እያዘነበለ ሱሪዬን ይጎትተዋል፤ የሽጉጡ ማስገቢያ ማኅደርም ከጎኔ ተነጥሎ ወደ ውጭ ስለሚንጋደድ ኮት ደርቤ እንኳ ይታወቃል። ስለዚህ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ቀበቶ ከነማኅደሩና ከነተጨማሪ የጥይት ካዝና መያዣው ለማሠራት አስቤአለሁ። ስፋቱና ውፍረቱ ምን ያህል ቢሆን ይመረጣል? ከቆዳና ከናይሎን የትኛው ይሻላል? ከሽጉጡ ሌላስ በቀበቶው ላይ ምን ምን መኖር አለበት? ቀኔን በከፊል ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ፣ በከፊል ደግሞ መኪና እየነዳሁ ወደ ሜክሲኮና ወደ ስታዲየም በመመላለስ እንደማሳልፍ ከግምት አስገብታችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ወስፌው

ጌታዬ፣ ያስቸገረዎት የሽጉጡ ክብደት ሳይሆን የቀበቶው ልልነት ነው። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም፣ ስምንት ጥይት ጎርሶ ደግሞ 810 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህ ለአንድ ጥሩ ቀበቶ ብዙ አይደለም። የሱፍ ሱሪ ቀበቶ ግን ሱሪን ከማጥበቅ ያለፈ ሥራ ስለማይጠበቅበት ውስጡ ብዙ ጊዜ ካርቶን ወይም ስስ ገበር ነው፤ በአንድ ጎኑ ክብደት ሲያርፍበት ይጠመዘዛል፣ ማኅደሩም አብሮት ይንጋደዳል። ስለዚህ ሲመርጡ ቀበቶውን በሁለት እጅ ይዘው ለመጠምዘዝ ይሞክሩ፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘልዎ ውፍረቱ አያታልልዎ።

ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ቢሆን በአብዛኛው ሱሪ የቀበቶ ማስገቢያ ያልፋል። የደንብ ልብስ ለባሾች የሚታጠቁት 50 ሚሊ ሜትር ቀበቶ ለእርስዎ አያስፈልግም። ሁለት ድርብ ቆዳ ተጣብቆ ዙሪያውን በጠንካራ የናይሎን ክር ሲሰፋ ውፍረቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዘለበቱም የተጠፈጠፈ ቆርቆሮ ሳይሆን ወጥ ብረት ይሁን። በክሮም የለፋ ቆዳ ለጃኬትና ለቦርሳ ያምራል እንጂ ውሎ አድሮ ስለሚለጠጥ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ቅርጹን ጠብቆ የሚቆየው ከእፅዋት በተገኘ ማልፊያ የለፋው ነው። በተለይ የማኅደሩ አፍ ሽጉጡ ሲወጣ የሚጨማደድ ከሆነ፣ ሽጉጡ ሲመለስ የታጠፈው ቆዳ ወደ ምላጩ፣ ማለትም ለመተኮስ በጣት ወደሚሳበው፣ ገብቶ ሊገፋው ስለሚችል በዚህ ላይ ቸል አይበሉ። ናይሎንን በተመለከተ፣ መርካቶ ሸራ ተራ ጥሩ ሰፊዎች አሉ፤ ነገር ግን ውስጡ ጠንካራ ፕላስቲክ ካልገባበት ናይሎኑ ከያዙት ቀበቶ የተሻለ አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለማኅደር ልክ ተብሎ እውነተኛ ሽጉጥ ይዞ ወደ ሠሪ ሱቅ መሄድ ለማንም አይበጅም። የማካሮቭ ርዝመት 161 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 127፣ ወርዱ ደግሞ 30 ተኩል ያህል ስለሆነ፣ አናጢ ከእንጨት የሠራውን አምሳያ ይዘው ይሂዱ።

የጥበቃ አሠልጣኝ

ስለ ቀበቶው ጥንካሬ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ሆኖም በመሀል አዲስ አበባ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከጥንካሬው አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ፍተሻ ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ሕንፃ፣ በየበሩ ይፈተሻሉ፤ ሽጉጥም አስረክበው ነው የሚገቡት። ማኅደሩ ቀበቶ የሚሾልክበት ዓይነት ከሆነ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖርዎታል፤ ወይ በሰልፉ መካከል ቀበቶዎን ፈትተው ሱሪዎን እየያዙ ይቆማሉ፣ ወይ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሽጉጡን ከማኅደሩ መዝዘው ለጥበቃው ይሰጣሉ። ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ከፊትም ከኋላም ሰው በተጠጋጋበት ሰልፍ ውስጥ የተመዘዘ ሽጉጥ አፈሙዙ ወደ አንዱ ሳይዞር ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ምላጩም ለተቀባዩ ጣት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ማኅደሩ በወገብ የሚያዝባቸው ማንጠልጠያዎች ተጭነው የሚዘጉና ተስበው የሚከፈቱ ቁልፎች ይኑሯቸው፤ ሽጉጡም ከማኅደሩ ሳይወጣ፣ ምላጩ እንደተሸፈነ፣ ከነማኅደሩ ተነሥቶ ይረከብ። በደንብ ልብስ ለሚሠሩ የጥበቃ ሠራተኞች ስስ ቀበቶ በሱሪው ላይ ይታሰርና ዋናው ቀበቶ በላዩ ላይ በቬልክሮ ተጣብቆ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ እንዲነሣ የሚያደርገውን ድርብ ቀበቶ እመርጣለሁ፤ ኮት ለሚለብስ ነጋዴ ግን ይበዛበታል።

መኪና እንደሚነዱ ስለ ጠቀሱ፣ የእኛ መኪኖች መሪ በግራ በመሆኑ የሾፌሩ የደኅንነት ቀበቶ የሚቆለፈው በቀኝ ዳሌው አጠገብ፣ ማለትም ሽጉጥዎ ባለበት በኩል ነው። ማኅደሩ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ከመቆለፊያው ጋር ይጋጫል፤ በጥድፊያ ቀበቶውን ሲፈቱም እጅዎ ሽጉጡን ሊነካካ ይችላል። እጀታው ከቀበቶው በላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ማኅደር ያሠሩ፤ ከዚያም ተቀምጠው ይሞክሩት እንጂ ቆመው ብቻ አይወስኑ።

ሌላ ምን ይኑር ላሉት፣ በግራ በኩል አንድ ተጨማሪ ካዝና፣ ከካዝናውም ኋላ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ቢኖር በቂ ነው። ማሰሪያው ከካዝናው ይልቅ የሚያስፈልግዎ ዕድል ሰፊ ነው፤ የመኪና አደጋ የሚያየው ሰው ከተኩስ ይበልጣልና። ትንሽ የእጅ ባትሪ በኪስ ይበቃል። በአከርካሪዎ ላይ ግን ምንም ጠንካራ ዕቃ አያድርጉ፤ በጀርባዎ ቢወድቁ እሱ ራሱ ይጎዳዎታል።

ጡረተኛው መቶ አለቃ

የማካሮቭ ነባሩ የሶቪየት ማኅደር ክዳን ያለውና ለአንድ ተጨማሪ ካዝና ቦታ ያለው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አላየሁም። በክረምት ዝናብ አይገባበትም፤ የታክሲ ግፊያም በክዳኑ ምክንያት አያሳስብም። ቀልጣፋ አይደለም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ በእጀታው ግርጌ ስለሆነ ሽጉጡ ራሱም ለቅልጥፍና የተሠራ አይመስለኝም። ይልቅ ጠያቂው ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን መጠበቂያ ይወቅ፦ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፣ ተነሥቶ የነበረውንም መዶሻ ያሳርፈዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታል። ወደ ማኅደር ከመግባቱ በፊት ወደ ላይ መሆኑን በዓይን ማየት ይገባል። ማታም ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥቶ፣ ጥርግ አድርጎ በተቆለፈ ሣጥን ማኖር ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚያድር ብረቱን ያዝገዋል።

የጥበቃ አሠልጣኝ

መቶ አለቃ፣ ክዳኑን አልቃወምም፤ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ሰው እንዲያውም ይስማማዋል። ነገር ግን በነባሩ ማኅደር ጀርባ ያለው ማንጠልጠያ የተሰፋ ስለሆነ በር ላይ ያለው ችግር እንዳለ ይቀራል። የኋላው ማንጠልጠያ ተቀይሮ ቁልፍ ቢገባለት እስማማለሁ። ለጠያቂው ደግሞ ኮትዎ ወይም የዝናብ ልብስዎ የሚሳብ ገመድ ካለው ይቁረጡት፤ የገመዱ ጫፍ ከሽጉጡ ጋር ወደ ማኅደር ገብቶ ምላጭ ሊስብ ይችላል። ብዙ ቦታ የሚፈተሹበት ቀን ከሆነ ግን ሽጉጡን በቤትዎ ሣጥን ቆልፈው ቢወጡ ይሻላል፤ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ለሌባ እንደ ማስረከብ ነው።

የአራዳ ነጋዴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳን ያለውን ማኅደር ከሚከፈት ማንጠልጠያ ጋር ለማሠራት ወስኛለሁ። ባለ ወስፌው፣ ሆዴ ገፋ ያለ ስለሆነ የሱሪዬ ቁጥር ለቀበቶው ልክ ይሆናል ወይ?

ባለ ወስፌው

አይሆንም፤ የሱሪ ቁጥር ከእውነተኛው ወገብ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሱሪዎን እንደ ወትሮው ታጥቀው፣ ባዶውን ማኅደርና የካዝና መያዣውን በቦታቸው አድርገው፣ ሜትሩን ቀበቶው በሚያልፍበት በማንጠልጠያዎቻቸው በኩል አሳልፈው ወገብዎን ያዙሩ። የሚያገኙት ቁጥር ከዘለበቱ እጥፋት እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ያለው ርዝመት ነው። በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበሳ፤ ከመጨረሻው ቀዳዳ ወዲያም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ማኅደሩ ገና ካልተሠራ ቀበቶውን አያስቆርጡ።