ከባድ ኮርስ ወይስ ከፍ ያለ ነጥብ? ከኮርስ ምዝገባ በፊት ለቦርዱ የምናቀርበው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሳንቋጨው የተነሣነው ጉዳይ ይኸው። ልጆቻችን ሃይስኩል ላይ ከባዱን ኮርስ ወስደው ቢ ያምጡ ወይስ ቀለል ያለውን ይዘው ኤ ይልቀሙ? ሁላችንም የየራሳችን መልስ አለን። ቦርዱ የጠየቀን ግን ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራው ነው። እዚሁ እንጻጻፍና አንድ ገጽ ይዘን እንቅረብ። የእኔን ላስቀድም። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲም የሚቀጥለውን ዓመት ኮርስ የሚያስመርጡት ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ምርጫው የሚሞላው በልጁ ላፕቶፕ ላይ ነው። ልጁ ጓደኛው የመረጠውን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ እኛ ሥራ ላይ ነን። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ ዲሴምበር ላይ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ምሽት ይኑረን። ቀጥሉበት።

የፌርፋክስ አባት፦
ምሽቱን እደግፋለሁ። ግን ቆመን ምን ልንል ነው? ኤፒ የሚሉትን፣ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጠውን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ፣ "ያበዛ ኮሌጅ ይገባል" የሚለው ወሬ ስንት ቤት አምሷል። ሒሳቡን እዩት። በእኛ ካውንቲ ኤፒና እሱን በመሰለው አይቢ ላይ አንድ ሙሉ ነጥብ ይጨመራል፣ ከተራው ክፍል ከፍ በሚለው ኦነርስ ላይ ግማሽ። ልጄ ኤፒ ላይ ቢ ቢያመጣ 4.0 ይያዝለታል። ተራው ክፍል ውስጥ ኤ ቢያመጣም ያው 4.0 ነው። ኦነርስ ላይ ኤ ካመጣ ደግሞ 4.5። አማካይ ነጥቡን (ጂፒኤ) ብቻ የሚያይ ወላጅ እንግዲህ ልጁን ለምን ኤፒ ውስጥ ይከታል?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
እኛ ጋ ይብሳል ወንድሜ። ሞንጎመሪ ላይ ኦነርስም ኤፒም እኩል ነው የሚመዘኑት። ኤ 5፣ ቢ 4፣ ፕላስና ማይነስ የሚባል ነገር የለም። ኦነርስ ላይ ኤ ያገኘች ልጅ ኤፒ ላይ ቢ ካገኘችው ጓደኛዋ በዚያ ኮርስ አንድ ሙሉ ነጥብ ትበልጣለች። ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆመን የልጆቻችንን ጂፒኤ ስናወዳድር የማንግባባው፤ የእናንተ 4.3 እና የእኛ 4.3 አንድ አይደሉም። ምሽቱ ላይ ከሁሉ በፊት ይሄ ይነገር።

አስጠኚው፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ የማስጠናው የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ጋሼ፣ ስሌትዎ ልክ ነው። ግን የኮሌጁ ሰው የሚያየው ያቺን ቁጥር ብቻ አይደለም። ልጁ ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ፣ ሲያመለክት የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) የሚሞላው ቅጽ አለ። ተማሪው የወሰዳቸው ኮርሶች በዚያው ትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ ከሚያመሩት ሌሎች ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ይጠየቅበታል፣ መልሱም "እጅግ ከባድ" ከሚለው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። አብሮት ትምህርት ቤቱ ስለራሱ የሚልከው ፕሮፋይል አለ፤ ምን ምን ኮርስ እንደሚሰጥ፣ ነጥብ እንዴት እንደሚመዝን ይገልጻል። ጂፒኤውን በራሳቸው መንገድ እንደገና የሚያሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ አራት ኤፒ ብቻ ካለበት ትምህርት ቤት ሦስት የወሰደ ልጅና ሃያ አምስት ካለበት ሦስት የወሰደ ልጅ በአንድ ዓይን አይታዩም።

ሌላው ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ሰነድ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ያወጡታል። ሲ7 የሚለው ሰንጠረዥ ላይ የኮርሶቹ ክብደት፣ ጂፒኤው፣ ፈተናው፣ ድርሰቱ፣ እያንዳንዱ ለእነሱ "በጣም አስፈላጊ" ይሁን "ከግምት የሚገባ" ብቻ ራሳቸው ምልክት ያደርጉበታል። ልጁ የሚያስባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ከጎኑ ጽፎ መፈለግ ነው። ምሽቱ ላይ በፕሮጀክተር ላሳይ እችላለሁ።

የሌሊት ነርሷ፦
ሁሉም ጥሩ። ስለ እንቅልፍ ግን ማንም አላነሣም። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ልጄን ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋች ነው የማገኛት። የባዮሎጂ መጽሐፉ እንደተከፈተ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ያልነካችው ሳንድዊች ከላፕቶፑ ጎን፣ የስልኳ አላርም እየጮኸ። 11ኛ ክፍል ላይ አምስት ኤፒ ይዛለች። አምስት ያለችውም የአክስቷ ልጅ አምስት ስለወሰደ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ማኅበሩ "ከባድ ውሰዱ" ብቻ ብሎ የሚመክር ከሆነ እኔ አልፈርምም።

የፌርፋክስ አባት፦
እህቴ አይዞሽ። ለዚህ እኮ ነው ጣሪያ እናስቀምጥ የምለው። በዓመት ከሦስት ኤፒ በላይ አንመክርም ብለን እንጻፍ፣ በቃ።

አስተባባሪዋ፦
ቁጥር መጻፉን አልደግፈውም። ለአንዱ ልጅ ሦስት ይቀልበታል፣ ለሌላው አንዱ ራሱ ይከብደዋል። ቁጥር ከጻፍን ደግሞ ያው ውድድሩን ነው የምናቀጣጥለው፣ "ማኅበሩ ሦስት ብሏል፣ አንተ ለምን ሁለት?" ይባላል። እኔ የምለው በየትምህርቱ እንይ ነው። ልጁ ዘንድሮ በዚያው ትምህርት ምን አመጣ? መምህሩ ምን ይላል? ኬሚስትሪ ላይ ሳይጨናነቅ ኤ ወይም ጠንካራ ቢ ያመጣ ልጅ ወደ ኤፒ ኬሚስትሪ ይውጣ፣ ቢ ቢያመጣ አንቆጣ። ታሪክ ላይ ሲ ያመጣው ልጅ ግን ኤፒ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሲ የሚለቅምበት ምክንያት የለም። ሲ በክብደትም ቢሆን ሲ ሆኖ ነው ትራንስክሪፕት ላይ የሚቀመጠው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ይሄ ይሻላል። የመውጫውም ቀን ይነገር። ኮርስ ለመቀየር ቀነ ገደብ አለው፣ ካለፈ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኮርሱን አቋርጧል የሚለው ደብልዩ ይጻፋል። ብዙ ልጅ ኦክቶበር ላይ እየሰጠመ ለወላጅ የሚናገረው ኖቬምበር ላይ ነው።

የ7ኛ ክፍል እናት፦
እኔ ግን የምታወሩት ሁሉ የዘገየ ነው የሚመስለኝ። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ የሚወስደው ልጅ 8ኛ ክፍል አልጀብራ 1ን የጨረሰ ነው። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ፣ እንዲህ ነው ሰልፉ። 9ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 የጀመረ ልጅ ክረምት ተምሮ ወይም ሁለት ሒሳብ ባንዴ ወስዶ ካላካካሰ በቀር አይደርስም። ሞንጎመሪ ውስጥማ ሩጫው ኤለመንታሪ ላይ ይጀምራል። እኛ ኤፒ ይውሰድ አይውሰድ ብለን 11ኛ ክፍል ላይ ስንከራከር ጉዳዩ ድሮ በአንድ የሒሳብ ምደባ ደብዳቤ አልቋል፣ ደብዳቤውን ደግሞ ማንም አልተረጎመልንም። ምሽቱ ላይ የሚድል ስኩል ወላጆች ካልተጠሩ ግማሹን ሥራ ጥለነዋል።

አስጠኚው፦
እትዬ፣ በጣም ልክ ኖት። ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች ላይ የማየው ይሄንኑ ነው።

በቅርብ የመጣው አባት፦
ሰላም፣ በዲቪ ከመጣን ገና ነው። የእኛ ችግር ትንሽ ለየት ይላል። ልጄ አዲስ አበባ 10ኛ ክፍል ጨርሶ መጣ፣ በሒሳብ ጎበዝ ነበር። እንግሊዝኛው ደከም ስላለ ሒሳቡንም ዝቅ አድርገው አስቀመጡት፣ አሁን የሚማረው ከሁለት ዓመት በፊት የተማረውን ነው። ኤ እያመጣ ነው። ዘመድ ሁሉ ደስ ብሎታል፣ እሱ ግን ክፍል ውስጥ ስልክ እያየ ይውላል። እኛ በማትሪክ የኖርን ሰዎች ዋናው ውጤት ነው ብለን እናምናለን፣ ኤ ካመጣ ምን ጎደለ እንላለን። የትኛው ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዳመጣው የሚጠይቅ እንዳለ አላወቅንም ነበር።

አስተባባሪዋ፦
ወንድሜ፣ ይሄ በዕቅዱ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ያስፈልገዋል። ከሀገር ቤት ለመጣ ልጅ የሒሳብ ምደባ ፈተና በድጋሚ እንዲሰጠው በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ወላጅ ስሙን ሞልቶ ብቻ የሚልከው እናድርገው። የትራንስክሪፕት ትርጉምም ላይ የሚያግዝ ሰው እንመድብ። ካልኩለስ ቋንቋው ከታሪክ ይቀላል፣ ብዙ አዲስ መጪ ልጅ የመጀመሪያውን ከባድ ኮርስ ሊወስድበት የሚችለው እዚያ ነው።

የፌርፋክስ አባት፦
እንግዲያው ይሄንንም ያዙልኝ። ፌርፋክስ ላይ አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ተፈትኖ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል። አንድ ፔሬድ ይለቀቅለታል ማለት ነው፣ ከባድ ኮርስ ሲይዝ የሚተነፍስበት። የማኅበሩ የአማርኛ ክፍል ልጆቹን ለዚያ ፈተና ያዘጋጅ።

የሌሊት ነርሷ፦
ይሄማ ግሩም ነው። የገንዘቡስ ነገር? የኤፒ ፈተና አንዱ ወደ 100 ዶላር ነው፣ የእኔዋ አምስት ትፈተናለች።

አስጠኚው፦
እትዬ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የዋጋ ቅናሽ አለ፣ ካውንስለሩን መጠየቅ ነው። ፈተናው የሚሰጠው ሜይ ላይ ነው፣ ከ1 እስከ 5 ይታረማል፣ ከክፍሉ ውጤትም የተለየ ነው። ውጤቱ ጁላይ ስለሚወጣ 12ኛ ክፍል ላይ ለመግባት አይረዳም፣ ያኔ ልጁ ኮሌጁን መርጦ ጨርሷል። የሚጠቅመው ክሬዲት ለማስያዝ ነው። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከመክፈሉ በፊት የሚሄድበት ኮሌጅ ለዚያ ፈተና በስንት ነጥብ ክሬዲት እንደሚሰጥ ይመልከት። አንዳንዱ 3 ይበቃዋል፣ አንዳንዱ 5 ካልሆነ አይቀበልም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ሌላ መንገድ መኖሩም ይነገር እንጂ። ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ የተጠየቀውን ነጥብ ያሟላ ልጅ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም (ዩቪኤ) የሚሻገርበት ስምምነት አለ። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ወላጅ ብዙ ነው። 16 ዓመት ያልሞላት ልጅ ትከሻ ላይ ሁሉንም ጭነን የምንጨነቀው በከፊል ሌላውን በር ስለማናይ ነው።

አስተባባሪዋ፦
እሺ። እስካሁን ያላችሁትን እንዲህ ጻፍኩት፣ አንብባችሁ አርሙ።

"ማኅበሩ ለወላጆች የኤፒ ቁጥር አይመክርም። ልጁ በአንድ ትምህርት ዘንድሮ ጠንካራ ውጤት ካለው በዚያ ትምህርት አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል፣ በሌላው ባለበት እንዲቆይ እንመክራለን። በዲሴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ምሽት የሚድል ስኩልና የሃይስኩል ወላጆች ከነልጆቻቸው ይጠራሉ፤ የሁለቱ ካውንቲዎች ነጥብ አያያዝ፣ የሒሳቡ ሰልፍና የኮመን ዳታ ሴት አጠቃቀም ይብራራል። ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር መጨረሻ የመጀመሪያ ኤፒያቸውን ለያዙ ልጆች የቅዳሜ ጥናት በእጥፍ ይጨመራል፣ ምክንያቱም ልጅ የሚወድቀውም የሚቆመውም በእነዚያ ሳምንታት ነው። ለአዲስ መጪ ቤተሰቦች የምደባ ጥያቄ ደብዳቤ ይዘጋጃል። የአማርኛ ክፍሉ ለቋንቋ ክሬዲት ፈተና ያዘጋጃል።"

የሌሊት ነርሷ፦
"ከነልጆቻቸው" ያልሽው ይጠንክርልኝ። ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ፣ እኛ ብቻ እየተነጋገርን አንበትን። ሰዓቱም የሌሊት ፈረቃ ያለብንን ያስብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢጀመር እደርሳለሁ።

የ7ኛ ክፍል እናት፦
የሒሳቡን ሰልፍ በአንድ ገጽ አማርኛ እኔ እጽፈዋለሁ።

የፌርፋክስ አባት፦
ቁጥሩን ትቼዋለሁ። አዳራሹን እኔ እይዛለሁ፣ የፌርፋክሱን ነጥብ አያያዝም እኔው አቀርባለሁ።

አስተባባሪዋ፦
ከ9 እስከ 12 ሰዓት ብዬ አስተካክዬዋለሁ፣ "ምሽት" የሚለውንም ወደ "ከሰዓት በኋላ" ቀየርኩት። በቅርብ የመጡት ወንድማችን ደብዳቤውን ከእኔ ጋር ያያሉ። እስከ ሐሙስ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ዓርብ ለቦርዱ እልከዋለሁ።