ኤማሁስ አራት ቦታ ሆነብኝ፤ እማዬን የቱ ጋ ልውሰዳት?

የሎዛ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለፋሲካ ከእማዬ ጋር ኢየሩሳሌም ልንሳለም ነው። ጎልጎታ፣ ቤተልሔም፣ ዮርዳኖስ ሁሉም ፕሮግራሙ ውስጥ አሉ። እማዬ ግን «ኤማሁስስ?» ብላ ያዘችኝ። ሉቃስ 24 ላይ ያለውን ነው የምትለው። ቀለዮጳና ጓደኛው ከትንሣኤ በኋላ ከጌታ ጋር የተጓዙበት፣ እንጀራውን ሲቆርስ ያወቁበት መንደር። ካርታ ላይ ስፈልግ ኢምዋስ፣ አቡ ጎሽ፣ ቁበይባና ሞጻ መጡልኝ። አራቱም ኤማሁስ ይባላሉ! ጉዞ ወኪሉን ብጠይቀው «ያው ነው፣ ሁሉም በረከት ነው» አለኝ። እውነተኛው የቱ ነው? እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሁሉንም ማዳረስ አንችልም።

መንገደኛ
እህቴ፣ ጣጣው የሚጀምረው ከርቀቱ ነው። ሉቃስ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ» ይላል። አንዱ ምዕራፍ 185 ሜትር ገደማ ስለሆነ 11 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ብዙዎቹ ጥንታዊ ቅጂዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የሲና ብራና ግን «መቶ ስድሳ» ይላል፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ኢምዋስ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ርቀት አካባቢ ነው።
የእኔ ድምፅ ለኢምዋስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሉቃስ ኤማሁስ ይሄ ነው ብሎ ጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስም ተከትሎታል። ይሁዳ መቃቢስ የተዋጋበት ኤማሁስም እሱው ነው (የእኛን መጽሐፈ መቃብያን አይደለም፣ የግሪኩን ማለቴ ነው)። ስሙም በአካባቢው ሰው አፍ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ቦታ ሲፈለግ ይሄ ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ቀለም ቀንድ
መንገደኛ፣ ቁጥር 33ን ዘለልካት። «በዚያችም ሰዓት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ» ይላል እኮ። ቀኑ መሽቷል፣ ማዕድ ቀርቧል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ከሜዳ ወደ ተራራ ሽቅብ፣ በሌሊት? ደርሰውም ሐዋርያቱን ተሰብስበው አገኟቸው። እኔ አይዋጥልኝም።
ለእኔ ሞጻ ትሻላለች። የ1ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ከኢየሩሳሌም 30 ምዕራፍ ርቆ ኤማሁስ የሚባል ቦታ እንደነበረና የሮሙ ንጉሥ ቬስፓስያን 800 ጡረተኛ ወታደሮች እንዳሰፈረበት ጽፏል። ሞጻ ያለችው በዚያ ርቀት ግድም ነው፤ ደርሶ መልሱ ስድሳ ይሆናል።

መንገደኛ
ሉቃስ ግን የሚለው የመንደሩን ርቀት ነው፤ ደርሶ መልስ የሚል ነገር የለውም። ለሌሊቱ ጉዞ ደግሞ፣ ትንሣኤን ያየ ሰው እግሩ ይደክመዋል እንዴ? 😄

ቀለም ቀንድ
ያ ስብከት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ከራምላ
እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ መንገዱን ልንገራት። የምኖረው ራምላ ነው፣ ላትሩን ጎረቤቴ ነው።
እህቴ፣ ሞጻ፣ አቡ ጎሽና ኢምዋስ (ላትሩን አጠገብ) ከኢየሩሳሌም ወደ ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ በሚወስደው ዋና መንገድ፣ በቁጥር 1፣ ዳር ዳር ናቸው። በመመለሻችሁ ቀን ታክሲ ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ብትነሡ እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ። ቁበይባን ተዪው። ዌስት ባንክ ውስጥ፣ እስራኤል ከሠራችው ግንብ ወዲያ ነው፤ ኬላ አለው። ወጉም የመጣው ከመስቀላውያን (ከአውሮፓ ከመጡት የመስቀል ጦረኞች) ወዲህ ነው። የካቶሊክ መነኮሳቱ ፍራንሲስካኖች ግን እስከ ዛሬ በእነሱ ፋሲካ ማግስት ሰኞ እዚያ ይሰበሰባሉ።
ሞጻ ሄዳችሁ ለመሳለም የሚሆን ነገር የለም። ኢምዋስ ግን ትልቅ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። መስቀላውያን በኋላ መጥተው እዚያው ውስጥ ያነሰ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፤ የአንዱ ግንብ በሌላው ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ። ወለሉ ላይ ሞዛይክ፣ ጎን ላይ ጥንታዊ የጥምቀት ገንዳ አለ። መንደሩን ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ፤ በ1967ቱ ጦርነት ነዋሪዎቹ ተባረው ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ መሬቱ አሁን መናፈሻ ነው።

የሎዛ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አቡ ጎሽስ ይቅር?

ከራምላ
ኧረ አይቅር! የ12ኛው መቶ ዘመን የመስቀላውያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎች አሉ። ኤማሁስ ነው ያሉት መስቀላውያኑ ናቸው፣ ርቀቱ ስለገጠመላቸው። እናትሽን የሚያስደስታቸው ግን ኮረብታው ነው። ቂርያትይዓሪም ነው የሚባለው፤ ታቦተ ጽዮን ከፍልስጥኤማውያን ከተመለሰች በኋላ 20 ዓመት የተቀመጠችበት (1ኛ ሳሙኤል 7)። መኪና እስከ ላይ ይወጣል፣ ጉልበታቸውን አይጎዳም።
ገዳማቱ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉ፣ እሁድም ላይከፍቱ ስለሚችሉ፣ አስቀድመሽ ደውዪ። ቅዳሜ አውቶቡስ የለም። አየር ማረፊያው ፍተሻው ረጅም ነው፤ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

የሎዛ ልጅ
በረራችን ማክሰኞ ማታ ነው። እንግዲያው ጠዋት አቡ ጎሽ፣ ከዚያ ኢምዋስ። ለእማዬ «ኤማሁስ ይሄ ነው» የምላት ኢምዋስ ስንደርስ ነው፤ ቀለም ቀንድ ይቅር ይበለኝ።