የኮሮላዬ ቻርጅ አንዴ ይሰራል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ምን ልፈትሽ?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። የምነዳው በፈረንጆቹ 1991 የተሰራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ጠዋት ከሰበታ ስነሳ ምንም ችግር የለበትም። ማታ ግን ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስመለስ፣ መንገዱ ሲጨናነቅ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የባትሪ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንዴ ፈዘዝ ብሎ በርቶ ይቆያል። ጉድጓድ ስመታ ደግሞ ይጠፋል። ባትሪው አዲስ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ባመሸ ማግስት ሞተሪኖው ማዞር ያቅተዋል።

ጋራዥ እስክደርስ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ይለኩታል፣ 14.2 ቮልት ያሳያል፣ «ምንም የለውም» ተብዬ እመለሳለሁ። አንዱ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ካቦ ነቀለና «ስላልጠፋ ዲናሞው (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) ጤነኛ ነው» አለኝ። ሌላው ሙሉ ዲናሞ ቀይሪ ይለኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ፣ መርካቶ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን የካቦ ነቀላ ሁለተኛ ማንም እንዳይሞክርብሽ። የዲናሞውን ቮልቴጅ አረጋግቶ የሚይዘው ባትሪው ነው። ሞተር እየሰራ ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል። የዲናሞውን ዳዮድ (ኤሌትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን)፣ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን)፣ ሬዲዮኑን ሳይቀር ሊያቃጥል ይችላል።

ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተለካው 14.2 ደግሞ ዲናሞው ያኔ መስራቱን እንጂ ማታ ምን እንደሚሆን አይነግርሽም። መለካት ያለበት ችግሩ ሲመጣ ነው። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ገዝተሽ መኪናው ውስጥ አስቀምጪ። መብራቱ ሲበራ ጥግ ይዘሽ ቁሚ፤ ሞተሩን ግን አታጥፊ። የፊት መብራቱን አብሪ። ከዚያ ሁለት ቦታ ለኪ።

አንዱ ባትሪው ላይ ነው፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መሃል። ሁለተኛው ዲናሞው ጀርባ ነው። ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ቡሎን አለ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ እዚያ፣ ጥቁሩን ዲናሞው ገላ ላይ አድርጊ። ያ ቡሎን መኪናው ጠፍቶም ኤሌትሪክ አለው፤ በብረት ነክተሽ ከሞተሩ ጋር እንዳታገናኚው። ሻርፕና እጅጌ ዲናሞውን ከሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ይራቅ።

ዲናሞው ላይ 14 ከምናምን፣ ባትሪው ላይ 12 ከምናምን ካገኘሽ ዲናሞው እየሰራ ነው። ቻርጁ የሚጠፋው ከዲናሞው እስከ ባትሪው ባለው መስመር ላይ ነው፦ የላላ ቡሎን፣ የዛገ ተርሚናል፣ ውስጥ ለውስጥ የተበላ ሽቦ፣ ወይም ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ማሳ (የኔጌቲቭ ሽቦ)። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ እዚያው ፈልጊ። ሁለቱም ቦታ 12 ከሆነ ግን ወይ ዲናሞው አያመነጭም፣ ወይ ቺንጋው ይንሸራተታል።

መልስ፦ የሚኒባስ ባለቤት፣ አዳማ

ቺንጋውን እኔም እጠረጥራለሁ። ጎኑ ካብረቀረቀ ወይም መብራት ስታበሪ ሲጮህ ከሰማሽ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ መሃሉን በአውራ ጣት ተጫኚው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢገባ ደህና ነው። ከልክ በላይ አታስወጥሪው፣ ዲናሞው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ቺንጋው ደህና ከሆነ ግን እኔ ብሆን ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ዲናሞ ገዝቼ እገላገል ነበር።

መልስ፦ የመርካቶው

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ያገለገለ ዲናሞ ሳይፈተሽ መግዛት የሌላ ሰው ያለቀ ካርቦን (ዲናሞው ውስጥ ኤሌትሪክ የሚያስተላልፍ፣ እየተበላ የሚያልቅ ዕቃ) መግዛት ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ ስትመታ መብራቱ መጥፋቱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ አንድ ቦታ የሚነካና የሚለቅ ነገር አለ ማለት ነው። እህቴ፣ ችግሩ ሲመጣ ዲናሞው ላይ የተሰካውን ባለ ቀጫጭን ሽቦ ሶኬት ነካ ነካ አድርጊው። ለውጥ ካላመጣ የዲናሞውን ጀርባ በመፍቻ የፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብለሽ ምቺው። ቴስተሩን እያየሽ።

ጠያቂዋ

ትናንት ማታ አየር ጤና ላይ መብራቱ በራ። ከወንድሜ ጋር ስለነበርኩ ቆመን ለካን። ባትሪው ላይ 12.1፣ ዲናሞው ላይም 12.1። ቺንጋው ጥብቅ ነው፣ አይጮህም። ሶኬቱን ብንነካካው ምንም የለም። ጀርባውን በእጀታ ሲመታው ግን 13.9 ወጣ፣ መብራቱም ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወረደ።

መልስ፦ የመርካቶው

ካርቦን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ሙሉ ዲናሞ አትግዢ። ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ላይ ሁለት የመዳብ ቀለበቶች አሉ። ሁለት ካርቦኖች በስፕሪንግ ተገፍተው እነሱን እየነኩ ኤሌትሪክ ያስተላልፋሉ። ካርቦኑ ሲያልቅ ስፕሪንጉ በደንብ መግፋት ያቅተዋል። ንዝረትና ሙቀት ሲጨመር ይለቃል፣ ሲመታ ደግሞ ይነካል።

ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ለዚህ ዓይነት ዲናሞ የአዲስ ካርቦን ወጥቶ የሚታየው ርዝመት 10.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.5 ከደረሰ አልቋል። የሚያያዘው በብየዳ ነው፣ ስለዚህ እጁ ጥሩ የሆነ ሰው ይስራው። ቀለበቶቹ ከጠቆሩ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጽዱ። ጎድጉደው ከሆነ አዲሱንም ካርቦን ቶሎ ይበሉታል፤ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ሄደው ይስተካከሉ። እስከተፈታ ድረስ ኩሽኔታውንም በእጅ አዙሩት። ከጎረበጠ አሁኑኑ ይቀየር፤ ለሱ ብቻ ድጋሚ ማስፈታት ድካም ነው።

ጠያቂዋ

ተፈትቷል። አንዱ ካርቦን ከቤቱ ብቅ የሚለው በጭንቅ ነው፣ ሌላው ትንሽ ይሻላል። ሁለቱም ተቀየሩ፣ ቀለበቶቹ ጸዱ። ሞተሩ ሞቆ፣ መብራት በርቶ፣ ሁለቱም ቦታ 14 አካባቢ ይላል። እግዜር ይስጥልኝ።

ጥያቄ፦ ሌላ አባል፣ ሐዋሳ

የእኔም ካርቦኑ ተቀይሯል፣ ቀን ቻርጁ ጥሩ ነው። ግን መኪናዬ ሁለት ሌሊት ከቆመ ባትሪው ይወርዳል።

መልስ፦ የመርካቶው

ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መኪናው ጠፍቶም ባትሪውን የሚበላ ነገር እንዳለ እንይ። ሁሉንም አጥፍተህ፣ በሮቹን ዘግተህ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በካቦውና በባትሪው መሃል አስገባ። ቁልፉን እንዳታዞር፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ለአሮጌ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ብዙ ነው። ከበዛ ኔጌቲቩ እንደተነቀለ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍታ፣ ጫፉን በላስቲክ ጠቅልለህ እንደገና ለካ። ቁጥሩ ከወረደ የዲናሞው ዳዮድ እያፈሰሰ ነው። ካልወረደ ሽቦውን መልሰህ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ የሚበላውን መስመር ፈልግ። ከሬዲዮና ከአላርም ጀምር፤ በኋላ የተቀጠለ ሽቦ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።