መንገዳችን ተዘጋ፤ የጽሑፍ ውሳኔ ሳይኖር እንዴት ይከሰሳል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ሕግ የምታውቁ ወንድም እህቶቼ። ፒያሳ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር የቀበሌ ቤት ተከራይቼ ሶፋ እሠራለሁ። መንገዷ በብረት አጥር ተዘጋች። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፣ ደብዳቤም አልደረሰንም። ሶፋውን እስከ ቸርችል ጎዳና በሸክም ነው የምናወጣው፤ መኪና የማይገባበት ቤት ደግሞ ደንበኛ አይመጣም።

የሚመለከተው ቢሮ «ከላይ የመጣ ነው» ከማለት በቀር ወረቀት የሚሰጠን ጠፋ። ማመልከቻችንን እንኳ በመዝገብ ቤት አልተቀበሉንም (በቃል ግን ሁሉም ያዝንልናል!)።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን አነበብኩ። በአስተዳደር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል፤ መጀመሪያ ግን በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ደረጃ መጨረስ አለበት። የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። ቅሬታዬን ካልመዘገቡልኝ፣ ደረጃውን መጨረሴን በምን አስረዳለሁ? ማመልከቻውን በአደራ ፖስታ ልኬ ደረሰኙን ባያይዝ ይበቃል?

ሁለተኛ፣ የቤቱ ባለቤት አይደለሁም፤ ተከራይ በራሱ ስም መክሰስ ይችላል ወይስ ከጎረቤቶቼ ጋር ተወካይ እንምረጥ? ሰሞኑን አጥሩ አጠገብ ብሎኬት እየተራገፈ ስለሆነ፣ ግንቡ ሳይቆም እግድ የሚጠየቅበትን መንገድ የሚያውቅ ቶሎ ይንገረኝ።