«ኤንቪ» እና «ጄለሲ»፦ ምቀኝነትና ቅናት ይበቋቸዋልን?

እንግሊዝኛ «ኤንቪ» እና «ጄለሲ» የሚላቸውን ሁለት ቃላት አብዛኞቻችን ምቀኝነትና ቅናት ብለን እናልፋቸዋለን። ሁለተኛው አፈታት ከሞላ ጎደል ያስኬዳል፤ የመጀመሪያው ግን የሚያሳስት ይመስለኛል።

ቃላቱን በጥንቃቄ የሚለዩ ጸሐፊዎች «ኤንቪ»ን የሚጠቀሙት ጉዳዩ በሁለት ወገኖች መካከል ሲሆን ነው፤ አንዱ የሌለውን ነገር በሌላው እጅ አይቶ ይመኘዋል። «ጄለሲ» ግን ሦስተኛ ወገን ይፈልጋል፤ የራሱ የሆነውን፣ ይልቁንም የሚወደውን ሰው፣ ሌላ እንዳይነጥቀው የሚሠጋ ሰው ስሜት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ድንበሩ ቢጣስም የሚጣሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ወዳጁን «ጄለስ ነኝ» የሚል ሞልቷል፣ ሚስቱን የሚጠራጠር ባል የሚሰማውን ሥጋት «ኤንቪ» የሚል ግን አይገኝም።

የእኛ ምቀኛ ከምኞት አልፎ ይሄዳል። ሌላው ያገኘውን እንዲያጣ ይሻል፣ ከቻለም መንገዱን ይዘጋል፣ ለራሱ የሚተርፈው ነገር ባይኖርም እንኳ። እንግሊዛዊው ግን «ኤንቪ»ን እንደ ግሥ ወስዶ ወዳጁን በአድናቆት ሊያመሰግንበት ይችላል፤ ያንን «ተመቀኘሁህ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ምስጋናውን ስድብ ያደርገዋል። ለዚህ ዓይነቱ አነጋገር አማርኛ «መንፈሳዊ ቅናት» የሚል መልካም መውጫ አለው።

ይሁን እንጂ ምቀኝነት ከ«ኤንቪ» ጥንተ ትርጉም ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ምንጩ የሆነው የላቲን «ኢንቪዲያ» በክፉ ዓይን ከመመልከት የመጣ ነው፤ በማርቆስ ወንጌል 7፥22 ግሪኩ «ክፉ ዓይን» ያለውንም የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ምቀኝነት» ብሎታል። ሕፃን ሲያምር «ዓይን እንዳይበላው» የምንል ሰዎች ይህን ዝምድና ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ የቅናት ነገር ነው። «ጄለሲ» የተገኘው ከግሪኩ «ዜሎስ» ሲሆን፣ ለበጎ ነገር መትጋትን የሚያመለክተው «ዚል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚያው ይወለዳል። እንግሊዝኛ ለሁለት የከፈለውን አማርኛ፣ ከግእዙ «ቅንአት» ወርሶ፣ በአንድ ቃል ይዞት ቆይቷል፤ «ቀናተኛ አምላክ» እና «የቤትህ ቅናት» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ያለው ቃል አንድ ሲሆን፣ የ1611ዱ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ግን ለፊተኛው «ጄለስ»፣ ለኋለኛው «ዚል» ይጠቀማል። በአንጻሩ «ፍቅር አይቀናም» በሚለው ቦታ ይኸው ትርጉም የመረጠው «ኤንቪ»ን ነው።

ስለዚህ «ኤንቪ» ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የማየው ተናጋሪው የሌላውን ማጣት ይፈልግ እንደ ሆነ ነው። የሚፈልግ ከሆነ ምቀኝነት እላለሁ፤ ካልሆነ ግን «ቀናሁ» ወይም «በታደልኩ» የሚለውን እመርጣለሁ።